የአራት ቁጥር አልጋ እና የእኔ ፊርማ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰጡኝ መርፌም መድኃኒትም አልነበረም፤ ሳፋ፣ ሳሙና፣ መቀስና ቫዝሊን ነበር። ነጭ ጋውኔን እናቴ ጅሬን ባለው ቤታችን ሁለት ጊዜ ተኩሳልኛለች። የነርስነት ዲፕሎማዬን በላስቲክ ሸፍኜ ይዤ ሄድኩ። የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር አስካለ ግን ዲፕሎማውን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

"ጓሮ ትገቢያለሽ" አለችኝ።

ጓሮ የሚባሉት በወንዶች ክፍል መጨረሻ፣ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ የተደረደሩ አምስት አልጋዎች ነበሩ። ሽማግሌዎች የሚተኙት እዚያ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም። ሁላችንም በዚያ ስም እንጠራው ነበር፣ በሽተኞቹ እየሰሙን።

"እኔ ያመለከትኩት ለኦፕራሲዮን ክፍል ነው" አልኳት።

"ሁሉም ያመለከተው ለኦፕራሲዮን ክፍል ነው። መጨረሻው አልጋ ላይ ያሉት አባት የእግር ጥፍራቸው ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። ከሳቸው ጀምሪ።"

ጀመርኩ። ሽማግሌው በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አያቴን ያውቁት ኖሯል። እግራቸው ሳፋው ውስጥ እንዳለ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። በዚያው ቅጽበት አብረውኝ የተመረቁ ሁለት ልጆች የኦፕራሲዮን ክፍሉን አረንጓዴ ልብስ ለብሰው በኮሪደሩ ሲያልፉ አየሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የሚመርቁኝን ሰው እግር በእጄ ይዤ፣ በሳቸው ማፈሬ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ከዚህ በኋላ ስለ ተማሪዎች የምለው ስላለ ነው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ።

ሦስት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ሲስተር አስካለ ሦስቱንም መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባቸው። "ሌላ ሰው ሲገኝ እለቅሻለሁ" ትለኝ ነበር። ሌላ ሰው አልተገኘም።

በአራተኛው ዓመት ማመልከቴን ተውኩ። አንድ ቀን ከሰቃ የመጡ ሽማግሌ ሲሳደቡ፣ ግሉኮሱን ሲነቅሉ፣ በክፍሉ የሌሉ በሬዎችን በስም እየጠሩ ሲነዱ ዋሉ። ተረኛው ሐኪም "እርጅና ነው" ብሎ ማስተኛ መርፌ አዘዘ። መርፌውን ከመስጠቴ በፊት ሆዳቸውን ዳሰስኩ። ከእምብርታቸው በታች እንደ ቅል ጠጥሯል፤ ሽንታቸው ታግቷል። ሐኪሙን መልሼ ጠርቼ ካቴተር የሚባለውን የሽንት ቱቦ አስገባሁ፤ አንዱ ከረጢት ሞልቶ ሌላ ቀየርኩ። ትንሽ ቆይተው ሽማግሌው ቀና አሉና "ልጄ፣ ያ ሲሳደብ የዋለው ማን ነበር?" አሉኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሐኪም ያለፈውን ነገር ማግኘቴ ግን ውስጤ ቀረ። ይህ ሥራ ጥፍር መቁረጥ ብቻ አለመሆኑን ያን ቀን አወቅኩ።

የሠራሁበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ከብዙ ዓመታት በኋላ እዚያው የአረጋውያን ክፍል ተከፈተ። ስድስት አልጋ ነው። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ኃላፊ አደረጉኝ። አምስት ነርስ ጠየቅኩ፤ ሁለት ሰጡኝ።

"ቀሪውን ተማሪዎቹ ይሸፍኑልሻል" አለኝ ሜዲካል ዳይሬክተሩ።

የነርሲንግ ተማሪዎች በየአራት ሳምንቱ እየተቀያየሩ ለተግባር ልምምድ ይመጡ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ሁሉንም አሰልፌ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ "ስትመረቁ ከአረጋውያን ጋር መሥራት የሚፈልግ አለ?" በእነዚያ ዓመታት በሙሉ በዚያች ጠዋት የወጣ እጅ አላየሁም። ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎስማል።

አንድ ዙር ላይ ግን መልስ የሰጠኝ ልጅ ነበር። ዳግም ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መልከ መልካም፣ ፈጣን ልጅ ነው።

"ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ይሄ ሮቴሽን ይደብራል። ሕፃን ታክሞ እየሮጠ ይሄዳል። ወላድ ልጇን ታቅፋ ትወጣለች። እዚህ ግን ምን እናያለን? አይድኑም እኮ።"

"ስኳርም አይድንም፤ ግፊትም አይድንም። የልብ ክፍል መሥራት ግን የምትጠላ አይመስለኝም" አልኩት።

ሳቀ። ወደድኩት፤ ይህን አልደብቅም። ደም ሥሩ የጠፋ ሽማግሌ ሲመጣ ሁላችንም ሁለት ሦስቴ ወግተን ሲያቅተን እሱ በአንዴ ያገኘው ነበር። እንደዚህ ያለ እጅ ያለው ተማሪ ብዙ አላየሁም።

ተማሪዎቹ ሁሉ ሎግቡክ የሚሉት ደብተር ነበራቸው። የሚሠሩት ነገር ተዘርዝሮበታል፦ ግሉኮስ መክፈት፣ ካቴተር ማስገባት፣ በአፍንጫ ቱቦ ማስገባት፣ ቁስል ማጠብ። እያንዳንዱን ሲሠሩ እኛ እንፈርማለን፤ ፊርማው ነጥብ ይሆናል። በሽተኛ ማገላበጥ ግን በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። ማጉረስም፣ ገላ ማጠብም፣ ማነጋገርም አልነበረም። ስለዚህ ጠዋት አዲስ ግሉኮስ የሚከፈትለት ሰው ካለ አምስት ተማሪ ይከበዋል፤ ምሳ የሚጎርስ ሲኖር ኮሪደሩ ባዶ ነው።

ይህን ይዤ ወደ አስተባባሪ መምህራቸው ሄድኩ። ማገላበጥና ማጉረስ ደብተሩ ውስጥ ይግባ፣ ነጥብ ይሰጥበት አልኩት።

"ሲስተር ዘሃራ፣ ይሄ እኮ የአስታማሚ ሥራ ነው" አለኝ። "እኛ የምናስመርቀው ባለዲግሪ ነው።"

በዚያ ዓመት ክፍላችንን አንዴም መጥቶ አላየውም።

አባ ዱራ የገቡት ቡና በሚለቀምበት ወቅት ነው። አጋሮ አጠገብ የቡና ገበሬ ነበሩ። ስትሮክ መትቷቸው የቀኝ ጎናቸው በሙሉ አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አንደበታቸውም ተይዟል። የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "ቶሌ"። በኦሮምኛ "እሺ፣ ደህና" ማለት ነው። አመመዎት ወይ ሲሏቸው "ቶሌ"። ራበዎት ወይ፣ "ቶሌ"። ሌላ ሊሉ ይሞክራሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን እሷው ናት። ያኔ ዓይናቸው ውሃ ይሞላል። ደህና በሆነችው በግራ እጃቸው የብርድ ልብሱን ጫፍ በሁለት ጣት እየቆነጠሩ ይለቅማሉ።

"አባቴ ቡናው ላይ ነው" ትላለች ሴት ልጃቸው ነጂማ።

ከአጋሮ የምትመላለሰው እሷ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ትንንሾች ናቸው፤ ቡናው ዛፍ ላይ እየደረቀ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ላነጋግርዎት ብላ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

"እህቴ፣ ለቀማው እስኪያልቅ በሳምንት አንዴ ብቻ ብመጣ ምን ይመስልዎታል? የሚያግዘኝ ሰው የለም። አባቴን ለናንተ አማና፣ አደራ ብዬ ልሂድ?"

"ሂጂ" አልኳት። "ኢንሻአላህ እኛ አለን።"

አራት ቁጥር አልጋ ላይ ነበሩ። ራሳቸውን ማገላበጥ ስለማይችሉ በየሁለት ሰዓቱ በቀኝ፣ በግራ፣ በጀርባ መገላበጥ አለባቸው። አለበለዚያ አልጋው ያቆስላቸዋል። ለዚህ ቅጽ ነበረን፤ ከአልጋው እግር ላይ ይንጠለጠላል። ሰዓቱ በመስመር ተጽፏል፤ የገለበጠ ሰው ምልክት ያደርጋል፤ ተራው ሲያልቅ ኃላፊዋ ከታች ትፈርማለች። ቀን ቀን አባ ዱራን ለዳግም ሰጠሁት።

ቅጹ ሁልጊዜ የተሟላ ነበር። ማታ ማታ ከመውጣቴ በፊት ስድስቱን ቅጾች ተራ በተራ እያየሁ እፈርማለሁ። የዳግም ከሁሉም የጸዳ ነበር፤ ምልክቶቹ እኩል፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት። ስለ ንጽሕናው አንድ ቀን በሌሎቹ ፊት አመስግኜዋለሁ።

አንድ ጠዋት ሲፈን የምትባል ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ሰቶ ሰመሮ ከሚባለው ሰፈር የመጣች ልጅ ናት፤ ዝምተኛ። ከሽማግሌዎቹ ጋር በኦሮምኛ ስለምታወራ እነሱ ይወዷታል።

"ሲስተር፣ አራት ቁጥር ጋ ሽታ አለ።"

"ሰገራ ይሆናላ።"

"አይደለም" አለችና ቆመች።

አብረን ሄደን ወደ ጎን ገለበጥናቸው። ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ መዳፌን የሚያህል ጥቁር ቁስል ነበር። ጠርዙ ለስልሶ ውስጡ ጎድጉዷል። ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ሲፈን አፏን በጓንቷ ያዘች። አባ ዱራ ወደ ግድግዳው ዞረው "ቶሌ፣ ቶሌ" ይላሉ።

ቅጹን አነሳሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ቅጹ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተሞልቷል።

ዳግምን አስጠራሁት።

"ያለፈውን ተወው" አልኩት። "ገና ያልመጣውን ሰዓት እንዴት አድርገህ ሞላኸው?"

ቅጹን አየ፤ ቁስሉን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሲስተር፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሞላው" አለ። "ጠዋት ጠዋት ደህና ነዎት ወይ እላቸዋለሁ። 'ቶሌ' ይሉኛል።"

በዚያን ሰዓት ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። ሲፈን ናት የያዘችኝ።

ነጂማ በማግስቱ መጣች። ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ገብታ አንሶላውን ራሷ ገለጠች። ጣቶቿን የቡና ለቀማ አጥቁሯቸው ነበር። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። አንሶላውን ቀስ ብላ መልሳ አለበሰቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ለቡና ብዬ ነው የተውኩት" አለችኝ። "እናንተስ ለምን ብላችሁ ነው?"



ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ አጠብን። የሞተውን ሥጋ ሐኪሙ ቆርጦ አነሳ። ሲፈን ከተመደበችበት ሰዓት ውጭ እየመጣች ታገላብጣቸው ነበር። አልሆነም። ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገባ፤ ቁስሉን ባየን በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

ለቅሶ አጋሮ ሄድኩ። ከቤተ ዘመዱ መሐል አስቀመጡኝ፤ "ያስታመመቻቸው ሲስተር ናት" እያሉ ለመጣው ሁሉ ነገሩ። አንድ ሽማግሌ "ቀደር ነው፣ ልጄ፤ የአላህ ውሳኔ ነው" ብለው አጽናኑኝ። ነጂማ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ስለ ቁስሉ ለማንም አልነገረችም። እኔም እውነቱን ሳልናገር ተነስቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ሪፖርት ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ነበር። ቅጾቹን አያያዝኩበትና ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ሰጠሁ። በሁለተኛው ቀን ጠራኝ።

"ሲስተር ዘሃራ፣ ሰውየው ሰማንያን አልፈዋል። የሞት ምክንያታቸው ስትሮክ ነው፤ ካርዱ ላይም የሚጻፈው እሱ ነው።"

"የገደላቸው ቁስሉ ነው።"

"ይሁን። ልጁን ከምርቃት ማስቀረት ነው የፈለግሽው?"

"ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ጽፏል።"

ቅጾቹን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋቸው። ጣቱን ከታች ባለው መስመር ላይ አሳረፈ።

"ይሄ የማን ፊርማ ነው?"

የእኔ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ።

"ምርመራ ከተጀመረ ከዚህ ነው የሚጀመረው" አለኝ። "አስቢበት።"

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ፣ ጡረታዬ ስንት እንደቀረው፣ ሰው ምን እንደሚል። በአራተኛው ቀን ሄጄ ሪፖርቱን መልሼ ወሰድኩ። ዳግም ከጓደኞቹ ጋር ተመረቀ። ምርቃቱ ላይ ለአስተማሪዎች ከተያዘው ወንበር ላይ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ።

የአረጋውያን ክፍሉ ብዙ አልቆየም። ሁለቱ ነርሶች ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ ከዚያ አልጋዎቹ ተወሰዱ፤ በመጨረሻ የመድኃኒት ካርቶን ማከማቻ ሆነ። ሪባን አልተቆረጠም።

ሲፈን ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር።

"ሲስተር፣ እኔ ከሽማግሌዎች ጋር መሥራት እወዳለሁ። በዚህ ሙያ ተምሬ ከፍ የምልበት መንገድ አለ?"

"እኔ የማውቀው የለም" አልኳት። እውነቱን ነው የነገርኳት። አሁን አዋላጅ ናት፤ ጎበዝ አዋላጅ ናት ይላሉ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። ዳግም ነበር። ወፈር ብሏል፤ ኬክ ይዟል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እንደሚሠራ፣ አውሮፓ ለመሄድ ቋንቋ እየተማረ እንደሆነ ነገረኝ። ፈተናውን አልፏል።

"ምን ልትሠራ ነው የምትሄደው?"

መሬት መሬት አየ።

"የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። እዚያ ሽማግሌ ብዙ ነው፤ ነርስ የለም። ግን የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። በአረጋውያን ክፍል ቢያንስ ስድስት ወር።"

"አንተ ስንት ጊዜ ነበርክ?"

"አራት ሳምንት።"

"እና?"

"እርስዎ የክፍሉ ኃላፊ ስለነበሩ... ደብዳቤውን ጽፌ አምጥቼዋለሁ። ፊርማ ብቻ ነው የሚቀረው።"

ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ጥሩ ተጽፏል። ትዕግሥቱ፣ ርኅራኄው፣ ለአረጋውያን ያለው ፍቅር ሁሉ ተዘርዝሯል። የእኔ ስም ከታች ነበር።

"ዳግም፣ እኔ ላንተ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ" አልኩት። "ሁለተኛ አልፈርምም።"

"ሲስተር፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ።"

"እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም።"

 ወረቀቱን አጠፈና ወጣ። ኬኩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁት። በዚያን ቀን ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ትንሽም ኮርቻለሁ።

ደብዳቤውን ከሌላ ቦታ አግኝቶ ሄደ። ማን እንደፈረመለት አልጠየቅኩም።

ከዓመት በኋላ ደወለልኝ፤ በስልኩ ምስሉ ይታያል። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል። ከኋላው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ነጭ ሽማግሌ አሉ፤ ጸጉራቸው ተበጥሯል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ አንገት ድረስ ተቆልፏል። ሽማግሌው እጁን ይዘውታል፤ አይለቁትም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ነው የኖሩት" አለኝ። "አንድ ቁስል የለባቸውም፣ ሲስተር። አንድ!"

"ማን ነው የሚገለብጣቸው?"

"በተራዬ እኔ ነኝ። በየሁለት ሰዓቱ።"

 ደስ አላለኝም። እነዚያ እጆች እዚህ ነበሩ፣ አራት ቁጥር አልጋ አጠገብ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ።

"እዚህ ለምን አልገለበጥክም?" አልኩት።

 ሽማግሌውን ትራስ አስደገፈና ስልኩን ወደ ፊቱ አቀረበ።

"ሲስተር፣ አይቆጡኝ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ኃላፊዋ ትመጣለች። ወረቀቱን አይደለም የምታየው። ጀርባቸውን ገልጣ ታያለች። ትንሽ ቀላ ካለ ስሜን ጠርታ ትጠይቀኛለች። እዚያ ማንም አልገለጠም ነበር። መምህሩም፣ ሐኪሙም። እርስዎም።"

ልሰድበው ፈለግኩ።  ሰላም ሁን ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የሚበልጠውን ዘመን ተማሪዎች ሽማግሌ አይወዱም ስል ነው የኖርኩት። የሚወዱ ነበሩ፤ የማይወዱም ነበሩ። ሁለቱም ግን የሚሠሩት የሚጠየቁበትን ነበር፤ እኛ ደግሞ ስለ ግሉኮስ እንጂ ስለ ሽማግሌ ጀርባ አንጠይቅም ነበር። በየክፍሉ ኃላፊ የምትሆኑ ነርሶች፣ የማገላበጫ ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት በሽተኛውን ገልጣችሁ እዩ። እኔ አላየሁም፤ አባ ዱራ ሞቱ።